ሰዓቱ የሚጠፋው ከመስመሩ በፊት ነው

የጎዳና ላይ ሩጫ ሰዓት የምንይዝ ባለሙያዎች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት በመቶ አነበበልህ?» የሚል ነው፤ መሣሪያህ ከሯጮቹ ቺፕ ስንቱን አነበበ ማለት ነው። ዘጠና ስምንት ያለ ሰው አንገቱን አይደፋም። ቁጥሩ ለጆሮ ደስ ይላል። 10,000 ሰው በሮጠበት ውድድር ግን 98 በመቶ ማለት 200 ሰው ሮጦ ጨርሶ ሰዓት አልተገኘለትም ማለት ነው። እነዚህ 200 ሰዎች ደግሞ በመቶኛ አይመጡም። አንድ በአንድ፣ ሜዳሊያቸውን እንዳጠለቁ፣ ላባቸው ሳይደርቅ ወደ ውጤት ድንኳኑ ይመጣሉ። «ስሜ የለም» ይላሉ።

እንዲህ ብላ የመጣችን ሯጭ «እስቲ እህቴ፣ ቁጥርሽን አሳዪኝ» ስላት ወገቧ ላይ ያሰረችውን ጃኬት ትፈታለች። ቁጥሩ ከጃኬቱ ሥር ሆዷ ላይ ተሰክቷል። ሰፍቶባት ግራና ቀኙን ወደ ኋላ አጥፋዋለች። ከጀርባው በወገብ ቦርሳ ውስጥ ስልኳ አለ። ይህን ካየሁ በኋላ ቺፑን የሚያነበውን አንቴና መጠርጠር አያስፈልገኝም።

የንባብ መጠን ለማሳደግ የሚወጣው ገንዘብና የሚታሰበው ሐሳብ አብዛኛው ማጠናቀቂያው መስመር ላይ ያልቃል። እኔ ግን ሰዓት የሚጠፋው በአመዛኙ ከዚያ በፊት ነው ባይ ነኝ፤ ቁጥር ሲታደልና ልብስ ላይ ሲሰካ።

ከሩጫ ቁጥር ጀርባ የሚለጠፈው ቺፕ ባትሪ የለውም። ዋናው አካሉ ከጤፍ ቅንጣት የምታንስ ጥቁር ነጥብ ናት፤ በግራና በቀኟ ስስ የአሉሚኒየም አንቴና ተዘርግቶላታል። የእኛ አንቴና ሞገድ ሲልክ ከሞገዱ ጥቂት ኃይል ትወስዳለች፣ ትነቃለች፣ ያንኑ ሞገድ እየመለሰች መለያ ቁጥሯን ትናገራለች። ሞገዱ በአውሮፓ አሠራር ከ865 እስከ 868፣ በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። በዚህ ክልል ያለ ሞገድ ሁለት ጠላት አለው፦ ውኃ ይውጠዋል፣ ብረት ይመልሰዋል። የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው።

ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በተካሄደው 100ኛው የቦስተን ማራቶን ከ35 ሺህ በላይ ሯጮች ጫማቸው ላይ ያሰሩት ቻምፒዮንቺፕ የተባለ ቺፕ የሚሠራው በ134 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነበር። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ሞገድ ላብም ሆነ ገላ ብዙም አያግደውም፤ መሬት ላይ ከተነጠፈው አንቴና የያዘ ምንጣፍ እስከ ጫማው ያለው ርቀትም አጭር ነው። ችግሩ ውድነቱ ነበር። ከውድድሩ በኋላ ከእያንዳንዱ ሯጭ ጫማ ላይ ተፈትቶ መሰብሰብ ነበረበት። አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለው ቺፕ ሲመጣ ዋጋው ወረደ፣ ሥራው ቀለለ፣ ቺፑም ከጫማ ወደ ደረት ወጣ። እዚያም ሞገዱን ከሚውጠው ገላ ጋር ተጎራበተ። ያተረፍነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ የተነሳ የመጣብንን ጥንቃቄ ግን ብዙ አዘጋጅ አያውቀውም።

ስለዚህ ከቺፑ ጀርባ የምትለጠፈዋ ስስ ስፖንጅ የማሸጊያ ትርፍ አይደለችም። ሥራዋ ቺፑን ከላበው ቲሸርት ጥቂት ሚሊ ሜትር ማራቅ ነው። ይህች ጥቂት ሚሊ ሜትር ቺፑ እንዲሰማና እንዳይሰማ የምታደርግ ልዩነት ናት። ቁጥር ሲታዘዝ ዋጋ ለመቀነስ ስፖንጅ የሌለው ይመረጣል፤ ናሙናውም ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ተሞክሮ «እንዲያውም ጥሩ ያነባል» ይባላል። ጠረጴዛ አያልበውም። መሞከር ያለበት በረጠበ ቲሸርት ላይ፣ ሰው ለብሶት፣ እየሮጠበት ነው።

ቁጥር ወደሚታደልበት ጠረጴዛ ልምጣ። እዚያ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ናቸው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው ይቸኩላል፣ ቲሸርትና ቁጥር በአንድ ከረጢት ይገባል። ቁጥሩ ለከረጢቱ ሲሰፋ ወጣቱ መሐሉን ያጥፈዋል፤ በአውራ ጣቱም ተጭኖ ያስተካክለዋል። ያ እጥፋት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ነጥቧ ከአንቴናዋ በተጣበቀችበት ቦታ ላይ ነው። መጋጠሚያው ከተላቀቀ ቁጥሩ ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ውስጡ ግን ሞቷል። ከዚያ በኋላ የዓለምን አንቴና ሁሉ ብንደረድር አይነቃም። የሚያሳዝነው ወጣቱ ጥፋት አለመሥራቱ ነው፤ እንዳያጥፍ የነገረው ሰው የለም።

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከእደላው ጠረጴዛ ጫፍ አንድ ትንሽ ማንበቢያ ይቀመጥ። ሯጩ ቁጥሩን ሲያስጠጋ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይውጣ። ስሙ ካልወጣ ቁጥሩ በዚያው ይቀየራል። የሌላ ሰው ስም ከወጣ ደግሞ በላዩ ላይ የታተመውና ቺፑ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር አይገናኙም ማለት ነው፤ ላዩ 4127፣ ውስጡ 4172። እንዲህ ያለው ስህተት ከማይነበበው ይከፋል። ያልተነበበው ሰው መጥቶ ይጠይቃል፤ ይህኛው ግን የሌላ ሰው ሰዓት ተመዝግቦለት ዝም ብሎ ይኖራል።

ቁጥሩ ደህና ሆኖ ቢሰጥም ሯጩ የት እንደሚሰካው እሱ ያውቃል። ጠዋት ብርድ ስለሆነ ጃኬት ይደርባል። ባንዲራ ይለብሳል። የውኃ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ያስራል። በመርፌ ቁልፍ የቺፑን አንቴና ይወጋል። ለአንዳንዱ ጀርባው ላይ ማድረግ ያምርበታል። ስለ ቺፕ ተነግሮት ስለማያውቅ በዚህ አልወቅሰውም። ሰው ከመነሻው በፊት ቆሞ ሙዚቃ በሚሰማበት ሰዓት የመድረክ መሪው «ቁጥራችሁ ደረት ላይ፣ ከልብስ በላይ፣ ሳይታጠፍ» የሚለውን ደጋግሞ ቢናገር ከአንድ ተጨማሪ አንቴና የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ መስመሩ። እዚያም የሚሠራ ሥራ አለ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኃይል መጨመር ነው። ኃይል ሲጨምር ቺፑ ከሩቅ ይነቃል፤ አብሮም መስመሩን ያላለፈ ሰው ይመዘገባል፣ ጨርሰው አጥሩ ጋ ቆመው ጓደኛ የሚጠብቁ ሰዎች ሳያቋርጡ ይነበባሉ። አንባቢው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሊያዳምጥ የሚችለው የተወሰነ ነው። የቆሙት ሲለፈልፉ የሚሮጠው አይሰማም። ሜዳሊያ የሚሰጥበትን ቦታ ከምንጣፉ ራቅ ማድረግ፣ ያልታደሉ ቁጥሮች የያዘውን ካርቶን ከሰዓት ያዡ ጠረጴዛ ሥር ማንሳት፣ ፎቶ አንሺዎችን ከጎን አንቴና ፊት ማስነሳት፤ እነዚህ ከኃይሉ በፊት ይቅደሙ።

ኃይል ጎደለ ከተባለም መጀመሪያ የሚታየው ኬብሉ ነው። በዚህ ሞገድ ቀጭኑ አርጂ-58 ኬብል በ6 ሜትር ገደማ ውስጥ ግማሹን ኃይል ይበላል። ወፍራሙ ኤልኤምአር-400 ያንን ለመብላት ከ20 ሜትር በላይ ይፈልጋል። አንባቢውን ወደ አንቴናዎቹ ማቅረብና ኬብሉን ማሳጠር ለማንም የማይታይ፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ያስተማምናል።

ጊዜም ያጥራል። 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው በሰከንድ ከ3 ሜትር ትንሽ በላይ ይሄዳል፤ 3 ሜትር የሚሰፋ የንባብ ክልል ውስጥ አንድ ሰከንድ አይቆይም። በ28 ደቂቃ የሚገባው በግማሽ ሰከንድ ይወጣል። አንባቢው አራት አንቴና ካለው በየተራ ነው የሚያናግራቸው፤ ጊዜው እኩል ቢካፈል ለፈጣኑ ሯጭ ለእያንዳንዱ አንቴና የሚደርሰው አንድ ስምንተኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ሳያስፈልግ የተጨመረ አንቴና ከሌሎቹ ድርሻ የሚቀንስ መሆኑን ማስታወስ ደግ ነው።

ሁለተኛ መስመር መዘርጋት የሁላችንም ልማድ ነው፤ ልክም ነው። ስሌቱ ግን ያታልላል። ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 98 በመቶ ቢያነቡ፣ ስህተታቸውም የማይገናኝ ቢሆን፣ ከ10,000 ሰው ሁለቱም የሚስቱት 4 ብቻ ነው። እውነታው እንዲህ አይሆንም። የመጀመሪያው መስመር የሳተው የተጣጠፈ ቁጥር ሁለተኛው ጋ ሲደርስም ያው የተጣጠፈ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያው ግልባጭ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ከምድር ምንጣፍ ከሆነ ሁለተኛው ከጎን ወይም ከላይ ይይ። ሰው ተጨናንቆ በሚወጣበት መነሻ ላይ የጎን አንቴና የሚያየው ዳር ያሉትን ነው፤ መሐል ያሉትን ገላ ይጋርዳቸዋል። እዚያ የምድር ምንጣፍ ይሻላል። መነሻው ላይ ያልተነበበ ሰው ሰዓቱ ከተኩሱ ጀምሮ ስለሚቆጠርበት ከኋላ ሰልፍ ለወጣው ጉዳቱ ደቂቃዎች ነው።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ጥሬ ንባቡን ከፍቶ መመርመርን እወዳለሁ። የጤነኛ ቁጥር ንባብ ያስታውቃል፦ ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ቀደም ብሎ በደካማ ምልክት ይጀምራል፣ እየበረታ ይመጣል፣ ምንጣፉ ላይ ይጎላል፣ ሯጩ ሲያልፍ ጀርባው ይጋርደውና ይቋረጣል። የታመመው አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ ይላል፤ አንዳንዴም ሰውየው ካለፈ በኋላ ዘወር ሲል። በሪፖርቱ ሁለቱም «ተነብቧል» ነው የሚባሉት። እኔ ግን አንዴ ብቻ የተነበቡትን ለብቻ እቆጥራለሁ፤ ነገ ሊጠፉ ለጥቂት የተረፉ ሰዎች ናቸውና። ብዛታቸው ከመቶኛው ይልቅ የሥራዬን ጤና ይነግረኛል።

አሸናፊን መለየት የቺፕ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ እንዲህ ያለውን የሚዳኘው የደረትን መድረስ የሚያየው ካሜራ ነው። ለፊተኞቹ ካሜራም፣ ዳኛም፣ ጋዜጠኛም አለላቸው። በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ለሚገባው ሰው ግን ከቺፑ ሌላ ምስክር የለውም። ስለዚህ መስመሩን ያለማቋረጥ የሚቀርጽ፣ ሰዓቱ ከመሣሪያዎቹ ጋር የተናበበ ቪዲዮና ቁጥር በእጅ የሚጽፍ አንድ ትጉህ ሰው ሳይኖር ውድድር መጀመር የለበትም እላለሁ። ያ ጸሐፊ በደመወዝ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነስ ሰው ነው። አይቀነስ።

የውድድር አዘጋጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው በጀታችሁ አዲስ አንቴና ከመጨመራችሁ በፊት ስፖንጅ ያለው ቁጥር እዘዙ፣ እጥፋት የማይፈልግ ከረጢት ግዙ፣ እደላው ጠረጴዛ ላይ አንድ ማንበቢያ አስቀምጡ፣ በጎ ፈቃደኞቹንም ከእደላው በፊት ሰብስባችሁ አሥር ደቂቃ አስረዷቸው። እናንተም ሯጮች፣ ቁጥራችሁን ሳታጥፉ ደረታችሁ ላይ፣ ከልብስ ሁሉ በላይ ሰክታችሁ ኑ።