ለህፃኑ የሚስማማው የዱቄት ወተት የትኛው ነው? በላስታ ደጋ ከጣሳው በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች

የወሊድ ፈቃዷን የጨረሰች የመንግስት ሰራተኛ ወደ ቢሮ በምትመለስበት ሳምንት በቤተሰቡ ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ በላሊበላም ሆነ በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ነው፡፡ ለህፃኑ የትኛው የዱቄት ወተት ይገዛለት? ጎረቤት ልጇ የወፈረበትን ታወድሳለች፤ ዘመድ ከከተማ ሌላ ጣሳ ይልካል፤ ባለሱቁ ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለው እንደሚሻል ይናገራል፡፡

ጥያቄው ያለምክንያት የሚነሳ አይደለም፡፡ በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ደንግጎ ነበር፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትና የጤና ሚኒስቴር በበኩላቸው ህፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው በሐኪም ከታዘዘ መድኃኒት በስተቀር ከእናቱ ጡት ወተት ሌላ ውኃም እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራሉ፡፡ በሁለቱ መካከል የሶስት ወራት ክፍተት አለ፡፡ የዱቄት ወተት ወደ ሰራተኛው ቤት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ክፍተት ነው፡፡

የጉዳዩን ክብደት ቁጥሮች ያሳያሉ፡፡ እ.ኤ.አ በ2016 በተካሄደው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑ የሀገሪቱ ህፃናት መካከል የእናት ጡት ወተት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ ነበሩ፡፡ በዚሁ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ህፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨር የታየባቸው ሲሆን፣ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፡፡ መንግስት በ2007 ዓ.ም ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ህፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ እስከ 2030 ለማስቀረት ያወጣው ቃል ኪዳንም የተሰየመው በላስታ ጎረቤት በሰቆጣ ነው፡፡

በመሆኑም ከጣሳው ምርጫ አስቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ ህፃኑ የዱቄት ወተት በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው፡፡ እናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ምክንያት «ወተቴ አነሰ» የሚል ነው፡፡ ይሁንና የህፃኑ ማልቀስ ወይም የጡት መለስለስ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፡፡ ማስረጃው ክብደቱ ነው፡፡ በየወሩ ሲመዘን እየጨመረ የሚሄድና በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ህፃን በቂ ወተት እያገኘ ነው፡፡ ጡት በተደጋጋሚ በተጠባ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል፤ በጡጦ በተተካ ቁጥርም ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ «ለማገዝ» ተብሎ የተጀመረ ጣሳ ራሱ የወተት ማነስን ሊያመጣ ይችላል፡፡

እናቱ በሞት የተለየችው፣ እናቱ ለካንሰር ህክምና የኬሞቴራፒ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ጋላክቶሴሚያ በተባለው ብርቅ የዘር በሽታ የተያዘ ህፃን ግን ሌላ ወተት የግድ ያስፈልገዋል፡፡ በዚህ ረገድ ቤተሰቡ ሊወቀስ ቀርቶ ሊታገዝ ይገባዋል፡፡ ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለባትን እናት በተመለከተ የቀድሞው አስተሳሰብ ተለውጧል፡፡ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድ እናት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ እንድታጠባ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየሰጠች ማጥባቷን እንድትቀጥል ይመከራል፡፡

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቤቱን የሚመለከት ነው፡፡ የዱቄት ወተት ከጀርም የፀዳ ምርት አይደለም፡፡ ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉት ባክቴሪያዎች በደረቅ ዱቄት ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ፡፡ በዚህም የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውኃ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያላነሰ መሆን እንዳለበት አስፍሯል፡፡

የላስታ ከፍታ እዚህ ላይ ልዩነት ያመጣል፡፡ ውኃ በባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 300 ሜትር ገደማ ከፍ ባሉ ቁጥር ግን የመፍያ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፡፡ 2 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ላሊበላ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወጡት ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም ባነሰ ነው፡፡ ይህ ሙቀት ጀርሞችን ለመግደል በቂ ቢሆንም፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሶስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል፡፡ መመሪያው የፈላ ውኃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ጥቅም ላይ እንዲውል ሲያዝ በአንድ ሊትር ውኃ አስልቶ ነው፡፡ በደጋው ብርድ በትንሽ ድስት የፈላ ውኃ ፈጥኖ ስለሚበርድ ከእሳት ከወረደ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መበጥበጥ፣ ከዚያም ጡጦውን ወይም ኩባያውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሞ ወተቱን ማብረድ ይገባል፡፡ ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት ያለፈው ወተት ይደፋል፡፡

ይህ ሁሉ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ይደገማል፡፡ በእንጨትና በኩበት በሚበሰልበት፣ ውኃም ከምንጭ ወይም ከቦኖ በጀሪካን በሚመጣበት ቤት ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ እሳት የሚያቀጣጥል ሰው ማነው የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ ማታ የተበጠበጠውን እስከ ንጋት ማቆየት የተቅማጥ በሽታ መንገድ ነው፡፡

ወጪውም በወረቀት ላይ ቢሰላ ይበጃል፡፡ አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ህፃን በአንድ ኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ታስቦ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል፡፡ ባለ 400 ግራም ጣሳ ሲበጠበጥ ሶስት ሊትር ገደማ ስለሚሆን አንዱ ጣሳ የሚያገለግለው ለአራት ቀናት፣ የወሩ ፍጆታም ከሰባት እስከ ስምንት ጣሳ ነው፡፡ የአንዱን ጣሳ ዋጋ በስምንት አባዝቶ ከደመወዝ ጋር ማነፃፀር ለማንም ቀላል ነው፡፡ አሳሳቢው ነገር ገንዘቡ ባነሰ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ነው፡፡ ዱቄቱን ቀንሶ ውኃውን ማብዛት ህፃኑን እያጠገበ ያስርበዋል፤ ዱቄቱን ማብዛትም ኩላሊቱን ይጎዳዋል፡፡ መለኪያው በጣሳው ውስጥ ያለው ማንኪያ እንጂ የሌላ ጣሳ ማንኪያ ወይም የሻይ ማንኪያ አይደለም፡፡

አቅርቦቱ የማይቋረጥ መሆኑም አብሮ ይታሰባል፡፡ በ2013 ዓ.ም ማብቂያና በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰበት ወቅት መንገድ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጠው እንደነበር ይታወሳል፡፡ መንገድ ሲዘጋ ጣሳ አይመጣም፡፡ የደረቀን ጡት መልሶ ማጥባት ደግሞ የሚቻል ቢሆንም ቀናትና ትዕግስት ይጠይቃል፡፡

እነዚህ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ የጣሳው ምርጫ ብዙዎች እንደሚያስቡት ውስብስብ አይደለም፡፡ ጤናማ ሆኖ ለተወለደ ህፃን ከልደት ጀምሮ እንዲሰጥ የተዘጋጀው፣ በጣሳው ላይ «1» ተብሎ የተፃፈበትና ከላም ወተት የተሰራው ብረት የታከለበት ዱቄት በቂ ነው፡፡ የእነዚህ ምርቶች ይዘት በኮዴክስ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ በአንዱ ስምና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት የዋጋውን ልዩነት ያህል አይደለም፡፡ «2» የተባለው ከስድስት ወር በፊት አይሰጥም፤ ከዚያም በኋላ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ በ1986 አስታውቋል፡፡

የአኩሪ አተር፣ ላክቶስ የሌለው ወይም ፕሮቲኑ የተሰባበረ ወተት የሚታዘዘው በሐኪም ነው፡፡ ህፃኑ ስላገሳ፣ ጥቂት ስላቀረሸ ወይም ማታ ማታ ስላለቀሰ ጣሳ መቀያየር ትርፉ ወጪ ነው፡፡ በሰገራው ደም የታየ፣ ቆዳው ክፉኛ የሚያሳክከው ወይም ክብደቱ የቆመ ህፃን ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፡፡ የላም ወተት ለማይስማማው ህፃን የፍየል ወተት መፍትሄ አይሆንም፤ ፕሮቲናቸው ይቀራረባልና፡፡

ሲገዛ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን የመዘገበው ምርት መሆኑን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን፣ ጣሳው ያልተጨረመተና ያልዛገ መሆኑን ማየት ይገባል፡፡ በላስቲክ እየተመዘነ የሚሸጥ ዱቄት አይገዛም፡፡ የቁጥጥርን አስፈላጊነት ለመረዳት እ.ኤ.አ በ2008 በቻይና ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት የዱቄት ወተት ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ህፃናትን ማሳመሙንና ስድስቱ መሞታቸውን ማስታወስ ይበቃል፡፡ በማስታወቂያ ረገድም እ.ኤ.አ በ1981 የፀደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ለህዝብ ማስተዋወቅንና ለእናቶች ነፃ ናሙና ማደልን ይከለክላል፡፡ በጣሳ ላይ የሚታይ ወፍራም ህፃን ምክር ሰጪ አይደለም፡፡

ለጣሳ አቅም ያነሰው ቤተሰብ ሊወስዳቸው የሚችላቸው አቋራጮችም አሉ፡፡ ያልተዘጋጀ የላም ወተት ፕሮቲኑና ጨዉ ስለሚበዛ፣ ብረቱም ስለሚያንስ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ህፃን ዋና ምግብ ሊሆን አይችልም፡፡ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ መተው ያለበት ልማድ ነው፡፡ ላስታ የማር ሀገር ነው፤ ንጉስ ላሊበላም ስሙን ያገኘው ሲወለድ ንቦች ስለከበቡት እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፡፡ ሆኖም ማር ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ዓመት ላልሞላው ህፃን አይቀመስም፡፡

ወደ ቢሮ ለምትመለሰው እናት ከሁሉ የሚቀርበው አማራጭ ወተቷን በንፁህ እጅ አልባ ክዳን ባለው ንፁህ ዕቃ ማስቀመጥ ነው፡፡ የታለበ የእናት ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል፡፡ የላስታ አየር ለዚህ ምቹ ነው፡፡ ወተቱ በእሳት ላይ አይፈላም፤ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ አቁሞ ለብ ማድረግ ይበቃል፡፡ ለህፃኑም ለማጠብ ከሚያስቸግረው ጡጦ ይልቅ በትንሽ ኩባያ ይሰጠዋል፡፡ ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ መስሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ይደነግግ ነበር፡፡ ማቆያ ለማቋቋም አቅም ያጠረው መስሪያ ቤትም ቢሆን ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበርና እጅ መታጠቢያ አዘጋጅቶ፣ በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መፍቀድ አያቅተውም፡፡