ታሪኩን ሰጥቶ መድረኩን ያላገኘ አገር፦ ስለ ክፍለ ሀገር የቴአትር ቡድኖች ታሪክ



ከዚህ ከደባርቅ ባሻገር፣ በጃን አሞራ፣ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጇት በዚህች ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውዱን የጫኑት ድል አድራጊያቸው ካሣ ኃይሉ ናቸው፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስም ተባሉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በንጉሡ ሕይወት ላይ ተውኔት ጽፈዋል። ታሪኩ የሰሜን ነው፤ መድረኩ ግን በዋናነት የአዲስ አበባ ሆነ። ስለምን?

መልሱን ለማግኘት ሪፐርቶሪ ቴአትር የሚባለውን አሠራር እንመልከት። ይህ አሠራር በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ በደመወዝ የሚተዳደር ቋሚ ቡድን፣ ቋሚ አዳራሽ እና እየተፈራረቁ የሚታዩ ተውኔቶች ክምችት። ተመልካቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐሙስ አንዱን፣ እሑድ ሌላውን ተውኔት ያያል። በአገራችን ወደዚህ አሠራር ቀርበው የኖሩት የአዲስ አበባ ቤቶች ናቸው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተመሠረተው ሕዝቡን ለመጣው የኢጣሊያ ወረራ ለማነቃቃት ነበር፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ።

ክፍለ ሀገሩ የራሱን ቡድን በስፋት ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። የጎንደር ፋሲለደስ፣ የወሎ ላሊበላ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች በዚያ ዘመን ገናና ሆኑ። ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ድራማ በአንድ ምሽት ያቀርቡ ነበር። ሆኖም የመድረኩን አጀንዳ በብዙ መልኩ የሚወስኑት የአብዮት በዓላትና ዘመቻዎች ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እናስተውል። ዘፈኑን ሬዲዮና ካሴት ተሸከሙት፤ የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ከላሊበላ ኪነት ተነሥቶ አገር ያዳረሰው በዚህ መንገድ ነው። ድራማው ግን እንዲህ ያለ ተሸካሚ አልነበረውም። የተሠራለት በዓል ሲያልፍ እርሱም አለፈ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የቡድኖቹ ደጋፊ መዋቅር አብሮ ፈረሰ። ባለሙያ ቀረ፤ ዜማ ቀረ፤ ተመልሶ የሚዘጋጅ የተውኔት ክምችት ግን እምብዛም አልቀረም። በኋላ የተቋቋመው የባሕር ዳሩ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አዳራሽንና ቡድንን ማጣመር እንደሚቻል አሳይቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የተመልካች ብዛት ነው። በአዲስ አበባ እንደ «ባቢሎን በሳሎን» ያለ ተውኔት ለዓመታት ሊታይ የቻለው ተመልካቹ ስለሚታደስ ነው። በደባርቅ ወይም በዳባት ግን አንድ ተውኔት በጥቂት ምሽቶች ተመልካቹን ይጨርሳል። ስለዚህ አነስተኛ ከተማ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ለአንድ ተመልካች ብዙ ተውኔት ማዘጋጀት፣ ወይም አንዱን ተውኔት ይዞ ከከተማ ከተማ መዞር። ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ የሚደርሰው መንገድ ለዙረት የተመቸ ነው፤ የገበያ ቀናትም ተመልካች ይሰበስባሉ። ሁለቱም ምርጫዎች ግን ተመልሶ የሚነሣ ጽሑፍ ይሻሉ።

በመሆኑም የጽሑፍ ጥበቃን እንደ ቢሮ ሥራ አንመልከተው፤ የቴአትር ቤቱ መሠረት ነው። አዳራሽ ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል። የጠፋ ተውኔት ግን የሚያስታውሰው ሰው ካለፈ በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም። በኪነት ቡድኖች ያገለገሉ አባቶችና እናቶች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። እናንተ ተማሪዎች የቃል ምልልሳቸውንና የመድረክ አሠራራቸውን ቀርጻችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ለቤተ መጻሕፍት ብታስረክቡ፣ ነገ የሚቋቋመው ቡድን ከባዶ አይጀምርም። የደረስጌን ታሪክም አንድ ቀን የደረስጌ ልጆች በራሳቸው መድረክ ይጫወቱታል።