በሬውን ሸጠ ወይስ ገዛ?

አንድ ሰው በሬ እንደማይሸጥ በቻይንኛ ለመናገር «ታ ቡ ማይ ኒዩ» ይባላል። እስቲ ቃል በቃል እየነጠልን እንየው።

«ታ» ማለት እሱ ነው፤ በንግግር እሷም ይሆናል። «ቡ» በእኛ «አይሸጥም» ውስጥ ያለውን የ«አይ»ን ሥራ ይሠራል። «ማይ» መሸጥ ነው። «ኒዩ» ከብት ነው፤ በሬም ላምም፣ አንድም ብዙም ሊሆን ይችላል።

እኛ «በሬ አይሸጥም» ብለን ድርጊቱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። እነሱ ድርጊቱን ያስቀድሙና ከብቱን ያስከትላሉ። ቃላቸውም መልኩን አይለውጥም፤ ሸጥኩ፣ ሸጠች፣ ይሸጣሉ ለማለት ያው «ማይ» ነው።

ታዲያ አንድ መጠንቀቂያ አለ። «ማይ» ድምፁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሸጥ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲነገር ግን መግዛት ይሆናል! በሬ ይዞ ገበያ ለቆመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጽሑፍ ግን ሁለቱ ይለያሉ። በዛሬው የቻይና አጻጻፍ የመግዛት ምልክት አናቱ ላይ መስቀል መሰል ጭረት ሲጨመርበት መሸጥ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ምልክት አንድ በአንድ ማጥናት ግን ድካም አለው። በ1980 ዓ.ም. በወጣው የቻይና ደንብ መሠረት አንድ ገበሬ ማንበብ ቻለ የሚባለው 1500 ምልክቶች ሲያውቅ ነው።

የእኛ ፊደል ቁጥሩ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የራሱ መጠንቀቂያ አለው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ውል ወይም ደረሰኝ ስናነብ አንዱን ቃል ብቻ ይዘን አንሩጥ፤ ከጎረቤቱ ቃል ጋር እያገናዘብን እስከ አራት ነጥቡ እንድረስ።