ማመንታት ስለሚባለው ቃል

ረቡዕ የሚለውን የግዕዝ ቃል ባላገር አሳጥሮ ሮብ ይለዋል፤ ሮብ ገበያም ስሙን ያገኘው ገበያው ከሚቆምበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ የእርሻ በሬውን ሊሸጥ የመጣ ሰው፡ ዋጋው ተቈርጦ ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ፡ ገመዱን ይዞ አልለቅም ሲል ይታያል። ደላላው ዋጋ ሊያስጨምር ነው ብሎ ይቈጣል። ሰውዬው ግን ገንዘቡን ለልጁ ድግስ ይሻዋል፤ አብሮት ያረሰውንም በሬ ይወደዋል። እንዲህ ያለው ሰው አመነታ ይባላል።

አመነታ ከመንታ ጋራ አንድ ዘር ነው። በአንድ ማሕፀን ሁለት ልጆች እንደሚያድሩ፡ በአንድ ልብ ሁለት አሳብ ሲያድር ማመንታት ይሆናል። መንገድም ለሁለት ሲከፈል መንታ መንገድ እንላለን። መንታ ምላስ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ለአንዱ አንድ፡ ለሌላው ሌላ የሚናገር አታላይ ነው። የሚያመነታ ሰው ሁለቱም አሳቦቹ እውነተኞች ናቸው። ይህ ባለመለየቱ በሽምግልና ብዙ ይጠፋል፤ ምስክር ጥቂት ቢዘገይ ዋሸ ይባላልና። የደብረ ማርቆስ አገር ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር፡ በዛብህ በወላጆቹ ስእለትና በሰብለ ወንጌል ፍቅር መካከል ይጨነቃል፤ ሐሰተኛ የሚለው አንባቢ ግን የለም።

ነገሩ ካለቀ በኋላ ለሚመጣው ስሜት ማመንታት አይባልም። ልጅዋን የዳረች እናት እልል ብላ ሳትጨርስ ታለቅሳለች፤ ሆዷ ባባ ይባላል። ሙሽራዪቱ ሄዳ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ሆዷን ባር ባር ይለዋል። አማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያኖረው በሆድ ነው።

መምህራን ይህን ቃል በተለይ የሚሹት በምዝገባ ወራት ነው። አባት ልጁ ፊደል እንዲቈጥር ይወዳል፤ ከብቱን የሚጠብቅለትም ያው ልጅ ነው። ስለዚህ «እንጃ፤ ቢማርስ ደግ ነበረ» ብሎ ዝም ይላል። ይህን እንቢታ ነው ብሎ የልጁን ስም ሳይጽፍ የሚያልፍ መምህር ቃሉን አላወቀውም። ሽማግሎችም አባቱን ከመገሠጽ ይልቅ «ከብቱን ማን ይጠብቅልህ?» ብለው ቢጠይቁት ይሻላል፤ ከጐረቤት ጋራ ተስማምቶ በተራ ማስጠበቅ ይቻላልና።