ቡታይል፤ በመኪና በር ውስጥ የማይደርቀው ማሸጊያ

የመኪና በር የውስጥ ልባስ ሲነቀል ከሥሩ ስስ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ዳርቻም እንደ ገመድ የዞረ ጥቁር ማሸጊያ ይገኛል። ቡታይል የሚባለው ይህ ማሸጊያ ከጣት ወደ መሣሪያ፣ ከመሣሪያ ወደ ወንበር ጨርቅ እየተላለፈ የመኪናን ውስጥ የሚያድሱ ባለሙያዎችን እጅግ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ የሚያስቸግረውም የሚጠቅመውም በአንድ ባሕርዩ ነው፤ ይኸውም አለመድረቁ ነው።

የመስኮት ጎማ ዝናብን ሙሉ በሙሉ ስለማያግድ ጥቂቱ ውሃ በመስታወቱ ላይ እየወረደ ወደ በሩ ሆድ ይገባና በግርጌው ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ላስቲኩና ቡታይሉ ደግሞ ይህ ውሃ ወደ ተሳፋሪው ክፍል እንዳያልፍ ይገድቡታል። በሩ ዘወትር ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚናጥ፣ ደርቆ የሚሰነጠቅ ሙጫ ይህን አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ አይችልም።

ቡታይል በአብዛኛው አይሶቡቲሊን፣ በጥቂቱም አይሶፕሪን ከተባሉ ውህዶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ በ1937 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዊልያም ስፓርክስና ሮበርት ቶማስ በተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ተፈለሰፈ። አየር በቀላሉ ስለማያሳልፍ ለጎማ ከመነዳሪ ተመራጭ ሆኗል። ከመነዳሪው ግን በድኝ ተቀምሞ በሙቀት የበሰለ በመሆኑ ሞለኪውላዊ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተሳስረው ቅርጹን ሲይዙ፣ የበሩ ማሸጊያ ያልበሰለ ስለሆነ እንደ ሊጥ ይሳባል።

የማስለቀቂያው ዘዴም ከዚሁ ባሕርይ ይመነጫል። ቡታይል ሲሞቅ ስለሚለሰልስና ስለሚሳብ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ስለሚጠነክር፣ ላስቲኩን ለማንሳት በመጠኑ ማሞቅ፣ በላሜራው ላይ የቀረውን ለመፋቅ ግን ማቀዝቀዝ ይበጃል። ቀስ ብለው ሲጎትቱት ይፈሳል፤ በፍጥነት ሲነጥቁት ግን እንደ ጠጣር ነገር ይለቃል። ስለዚህ ከራሱ ከቡታይሉ ድብልብል ሠርቶ በቅሪቱ ላይ መጫንና ቶሎ ማንሳት ከብዙ ፍትጊያ ይሻላል። የሚተርፈውን ስስ ቅባት ነጭ ጋዝን የመሰለ የነዳጅ ዘር ሲያሟሟው፣ አልኮል ግን እምብዛም አይነካውም። ማሟሟቻው ቀለምንና ፕላስቲክን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ በተሸሸገ ቦታ መሞከር፣ ተቀጣጣይ በመሆኑም አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ከእሳት አርቆ መሥራት ያስፈልጋል።

አሮጌው ማሸጊያ አፈር ከያዘ መልሶ ስለማይጣበቅ በአዲስ ይተካል፤ ላሜራው ከቅባትና ከእርጥበት ከጸዳ በኋላ ማሸጊያው ሳይቆራረጥ ይዘረጋል፤ ላስቲኩም ዙሪያውን በእጅ ይጫናል። ልባሱ ከመገጠሙ በፊት መስኮቱ ተዘግቶ በመስታወቱ ላይ ከውጭ ውሃ ይፈሳል። ውሃው በበሩ ግርጌ ቀዳዳዎች ብቻ ከወጣና የላስቲኩ የውስጥ ገጽ ደረቅ ከሆነ እሸጋው ተሳክቷል።