ሐኪሙ ያዘዘው፣ ላቦራቶሪው ያልሠራው

እንግሊዝ አገር ውስጥ አንድ ሐኪም «የታይሮይድ ሆርሞኑ ቲ4 ይመርመር» ብሎ ጽፎ፣ ላቦራቶሪው ሳይመረምረው ሊቀር እንደሚችል ብዙ ታካሚ አያውቅም። ደሙ ተቀድቷል፤ ወረቀቱ ላይም ሁለት ምርመራ፣ ቲ.ኤስ.ኤችና ቲ4፣ ታዟል። በብዙ ላቦራቶሪዎች ግን ማሽኑ መጀመሪያ የሚያነበው ቲ.ኤስ.ኤችን ነው፤ ቁጥሩ ከመደበኛው ክልል ካልወጣ ሥራው እዚያው ያበቃል። ጂፒ የሚባለው የአካባቢው ጠቅላላ ሐኪም አንዱን ቁጥር አይቶ «ኖርማል ነው፣ ሌላ እርምጃ አያስፈልግም» ይላል። ታካሚዋም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናትና፣ ድካሟን፣ ብርዷንና የሚረግፍ ፀጉሯን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ላቦራቶሪዎቹ እንዲህ የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ምን ያህል ሆርሞን እንደሚያመርት የሚቆጣጠረው ከአንጎል ሥር የተቀመጠው ፒቱታሪ የሚባል ትንሽ ዕጢ ነው። ቲ.ኤስ.ኤች የፒቱታሪ ትእዛዝ ነው፤ ታይሮይዱ ሲደክም ትእዛዙ ይበረታል። ቲ4 ገና ከመደበኛው ሳይወርድ ቲ.ኤስ.ኤች ቀድሞ ስለሚጨምር፣ አንድ ምርመራ ብቻ ይመረጥ ከተባለ መመረጥ ያለበት እሱ ነው። በዚህ ሐኪሞቹ ልክ ናቸው። ለታካሚዎች ጥብቅና የቆሙ ሰዎች ይህን መቀበል ሲከብዳቸው አያለሁ።

ሕክምናው ራሱ የተጀመረው ግን ያለ አንዳች የደም ምርመራ ነበር። በ1891 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ መሪ የተባለ የኒውካስል ሐኪም ፊቷ ያበጠ፣ ንግግሯ የተጎተተ፣ ብርድ የማይለቃት የ46 ዓመት ሴት አጋጠመችው። ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ወጋት። ሴትየዋ አገገመች፤ እስከ 74 ዓመቷ ኖራ በ1919 አረፈች። መሪ በኋላ ሲያሰላው በእነዚያ ዓመታት የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ በጎችን ዕጢ የፈጀ ነበር። መጠኑ የሚስተካከለው እሷን በማየትና እሷን በመጠየቅ ነበር፤ ሆርሞኑን በደም የሚለካ ምርመራ አልነበረምና። ታይሮክሲን፣ ማለትም ቲ4፣ ለብቻው ተለይቶ የወጣው በ1914 ሲሆን፣ ቲ3 የሚባለው ሆርሞን የተገኘው ደግሞ በ1952 ለንደን ውስጥ ነው። ቲ.ኤስ.ኤችን በደም ውስጥ በትክክል መለካት የተቻለው ከዚያም በኋላ ነው።

ኒውካስል አቅራቢያ ዊክሃም የሚባል አካባቢ አለ። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች በዚያ የሚኖሩ 2,779 ጎልማሶችን መርምረው ውጤቱን በ1977 አሳተሙ። የታይሮይድ ችግር በሕዝብ ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ፣ ከሴቶችና ከወንዶች ማንን ይበልጥ እንደሚያጠቃ ዓለም ዛሬም ድረስ ከሚጠቅሳቸው ጥናቶች አንዱ ይህ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩም፣ ቲ.ኤስ.ኤቻቸው ከፍ ያለና ደማቸው ውስጥ ታይሮይድን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ሴቶች በየዓመቱ ከ100 ወደ 4 የሚጠጉት ወደ ግልጽ በሽታ እንደሚሸጋገሩ ታወቀ። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራን የሚጠይቅ ታካሚ እንግዲህ ቅብጠት አይደለም የያዘው።

መደበኛ የሚባለው የቲ.ኤስ.ኤች ክልል የወጣው ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ነው፤ በጥቅሉ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ሲሆን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል። የአንድ ሰው የራሱ ቲ.ኤስ.ኤች ግን ከዚህ በጣም በጠበበ ስፍራ ውስጥ ነው የሚወዛወዘው። ዘመኗን ሁሉ 1 የነበረች ሴት 3.8 ስትገባ ወረቀቱ ስለ እሷ የሚለው ነገር የለም። በዚያ ላይ ቲ.ኤስ.ኤች ሌሊት ወጥቶ ቀን ላይ ይወርዳል። ቀጠሮዋን ከጠዋቱ 2 ሰዓት አስይዛ የምትቀዳውና ከሰዓት በኋላ የምትቀዳው ሴት አንድ ዓይነት ቁጥር ላያገኙ ይችላሉ። ታካሚዎች ይህን እርስ በርስ ተነጋግረው ያውቁታል፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ነገሩ ፓርላማ ድረስ ሄዷል። በ2012 መጨረሻ ላይ ሴቶች ለስኮትላንድ ፓርላማ አቤቱታ አስገብተው የታይሮይድና የአድሬናል ምርመራ፣ ልየታና ሕክምና እንዲሻሻል ጠየቁ፤ ጉዳዩ ለዓመታት በኮሚቴ ሲታይ ቆየ። በዚያው ዘመን አንዳንድ ታካሚዎች የሚወስዱት የቲ3 ክኒን ዋጋ ሰማይ ነካ። በ2009 20 ፓውንድ የነበረው ፓኬት በ2017 248 ፓውንድ ገባ፤ የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣንም በ2021 ሻጩን ኩባንያና የቀድሞ ባለቤቶቹን በድምሩ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ቀጣ። ሻጩ ዋጋ ሲቆልል ክኒኑን የተከለከለችው ታካሚ ናት።

መመሪያ አውጪው ተቋም ናይስ በ2019 ያወጣው ሰነድ ብዙዎች እንደሚሉት ያህል ደረቅ አይደለም። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ወይም ሌላ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ላለበት ሰው ምርመራው ይሰጥ ይላል፤ ድባቴ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ጭንቀት ሲኖርም ይታሰብበት ይላል። ዕድሜዋ ከ65 በታች ሆኖ፣ ምልክቱ ኖሯት፣ በ3 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲለካ ቲ.ኤስ.ኤቿ ከክልሉ በላይ ከሆነ፣ 10 ባይደርስም እንኳ የ6 ወር የሙከራ ሕክምና ማሰብ ይቻላል። ይህን አንቀጽ በስልኳ ይዛ የምትገባ ሴት «ደክሞኛል» ብቻ ከምትለው የተሻለ መልስ ታገኛለች። ያሳዝናል፣ ግን እውነት ነው።

በገዛ ገንዘባቸው የጣት ደም ወደ ግል ላቦራቶሪ የሚልኩም ሞልተዋል። ቲ4፣ ቲ3፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ ሁሉም ተሠርቶ ይመጣላቸዋል። ሐኪሙ ያንን ወረቀት አልቀበልም ብሎ እንደገና ያዛል፤ ላቦራቶሪውም እንደገና በቲ.ኤስ.ኤች ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች፣ ቲ4ና ቲ3 ባንዴ ይታዘዛሉ፣ ጥያቄው የሚከፍለው ሰው ኪስ ነው።

የእኛ ሴቶች ለንደንም ይሁኑ ሌላ ቦታ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ ግን አለ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ፒቱታሪዋ ሊጎዳ ይችላል። ሺሃን ሲንድረም ይሉታል፤ የወሊድ ሕክምና በቅርብ በማይገኝበት አገር በብዛት ይታያል። ጡቷ ወተት አይሰጥም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ የብብት ፀጉሯ ይረግፋል፣ አቅም ታጣለች፣ ብርድ ብርድ ይላታል። ዓመታት አልፈው ሊታወቅ ይችላል። በዚህ ሕመም የተበላሸው ትእዛዝ ሰጪው ራሱ ስለሆነ ቲ4 ወርዶ ሳለ ቲ.ኤስ.ኤች «ኖርማል» ሊል ይችላል። ቲ.ኤስ.ኤችን ብቻ የሚያይ ላቦራቶሪ ይህችን ሴት ጤነኛ ናት ብሎ ይመልሳታል። አደጋው በዚህ አያበቃም፤ ኮርቲሶል የተባለው የአድሬናል ሆርሞኗ ሳይታይ ታይሮክሲን ቢጀመርላት ሕይወቷን ሊያሳጣት የሚችል ቀውስ ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

የናይስ መመሪያም ቢሆን ቲ.ኤስ.ኤች ብቻ ይበቃል የሚለው የፒቱታሪ ሕመም በማይጠረጠርበት ጊዜ ነው። የምርመራ ማዘዣው ላይ የበሽተኛዋ ታሪክ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ በ10 ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል ወይም «ድካም» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሙ እዚያ ላይ «ወሊድ፣ ከባድ ደም መፍሰስ፣ ፒቱታሪ ይጠረጠራል» ብሎ ከጻፈ፣ ላቦራቶሪው ሁለቱንም የሚሠራበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ስለ ወሊዷ ካልተጠየቀች ደግሞ ራሷ ታንሳው፤ ልጁ አሁን 10ኛ ክፍል ቢደርስም።