ለወፍ አደን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚመርጥ ከጥይቱ ይጀምር

ከአየር ጤና በጅማ መንገድ፣ ወይም ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ሰው ብዙ ሳይርቅ ቆቅ ሲጮህ ይሰማል። ስለዚህ በኮልፌ ቀራንዮ ቡና ላይ ተቀምጦ የአደን ጠመንጃ ወሬ የሚያነሳ አይጠፋም፤ በተለይ ውጭ አገር ወንድም ወይም አጎት ያለው። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በፋብሪካ ስም ነው። ቤኔሊ ይሻላል ወይስ ቤሬታ? የቱርኩስ እንዴት ነው? አካሄዱ የተገለበጠ ይመስለኛል። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ጥይቱ፣ ከዚያ የተኳሹ ትከሻ ይታያል፤ የፋብሪካው ስም ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

እዚህ የምናወራው በተለምዶ ሾትጋን ስለሚባለው ነው። እንደ ክላሽ አንድ አረር አይተፋም፤ በአንድ ተኩስ ብዙ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ ይበትናል። 32 ግራም እርሳስ በያዘ አንድ ጥይት ውስጥ 2.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ፍሬዎች 250 ገደማ ይሆናሉ። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁን ራሱ ጥሎ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ነው። ቃታው ግን ለእያንዳንዱ ተኩስ እንደገና መሳብ አለበት፤ ስለያዙት ብቻ አያርከፈክፍም።

ፈቃዱን በአጭሩ እንለፈው፤ ግን አንዘልለውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል፤ የአደን ጠመንጃ ነው ማለት ከዚህ አያስመልጥም። መሣሪያው ቢፈቀድ እንኳ አደኑ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ አደን ፈቃድ ዱር እንስሳ መግደል ወንጀል ነው፤ ወፍም ዱር እንስሳ ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ከመክፈልዎ በፊት የሚያስቡትን ጠመንጃ ዓይነትና ሞዴል በወረቀት ጽፈው ፖሊስ ዘንድ ይቅረቡ፤ «ይህ ይመዘገብልኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። «ከፊል አውቶማቲክ» የሚለው ቃል ብቻውን ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። የአጎትዎ ልጅ በሻንጣ ይዤልህ እመጣለሁ ካለዎት፣ ተው ይበሉት።

አሁን ወደ ጥይቱ። የሾትጋን አፈሙዝ ስፋት የሚለካው በቆየ የእንግሊዝ ስልት ነው። ባለ 12 የሚባለው፣ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ አሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡል ቢሠራ የአንዱ ስፋት ነው፤ ይህም 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ባለ 20 በዚያው ስሌት 15.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ አፉ የሚጠብበው ለዚህ ነው። ባለ 20 ቀለል ይላል፣ ለቆቅም ይበቃል፤ ቀጠን ላለ ሰው ወይም ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ደስ ይላል። እኔ ግን እዚህ አገር ላለ ሰው ባለ 12ን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ኃይሉ አይደለም፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው የ12 ጥይት በመሆኑ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው። ጥይት የሌለው ጥሩ ጠመንጃ ከዘንግ አይሻልም።

ሁለቱን ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ መያዝ ግን እጅ ያስቆርጣል፤ የምሬን ነው። የ20 ጥይት በስህተት ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ ከገባ መጉረሻው ላይ አይቆምም፤ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። ተኳሹ ቃታ ስቦ ዝም ሲልበት ከሽፏል ብሎ ሌላ የ12 ጥይት ያጎርሳል። ከኋላ ሲታይ ምንም የለም፤ ሁለተኛው ሲተኮስ ግን አፈሙዙ ግራ እጁ ባለበት ቦታ ይፈነዳል። ፋብሪካዎች የ20ን ጥይት ቢጫ የሚያደርጉት ይህንን ለመከላከል ነው። ቢጫ ጥይት ባለ 12 ጠመንጃ ካለበት ቤት ባይገባ ጥሩ ነው።

የጥይቱ ርዝመትም አለ። 70፣ 76 እና 89 ሚሊ ሜትር የሚባሉት የተለመዱ ናቸው። መጉረሻው 76 ከሆነ የ70ውንም ይቀበላል፤ መጉረሻው 70 ከሆነ ግን 76ቱ ቢገባም መተኮስ የለበትም። ልኩ አፈሙዙ ላይ ተቀርጿል፤ ሻጩ የሚለውን ትተው ብረቱን ያንብቡ። የፍሬውን ውፍረት በተመለከተ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከአገር አገር ይለያያል። የአሜሪካው 6 ቁጥር 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የእንግሊዙ 6 ቁጥር 2.6 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትቶ ሚሊ ሜትሩን ማየት ነው። ለቆቅና ለዋኔ ከ2.4 እስከ 2.6፣ ሥጋው ወፍራም ላባው ጠንካራ ለሆነው ጅግራ ከ2.8 እስከ 3 አካባቢ ይስማማል።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት የጠመንጃው አሠራር ከጥይቱ ጋር ስለሚጣጣም ወይም ስለሚጣላ ነው። የመጀመሪያውን በሰፊው የተሸጠ ከፊል አውቶማቲክ ሾትጋን የነደፈው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1898። ማምረት የጀመረው ግን አያቶቻችን ቤልጅግ የሚሉት ጠመንጃ የመጣበት የቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1902። ጀርባው ጎበጥ ያለው ኦቶ ፋይቭ ይህ ነው። በእሱ አሠራር አፈሙዙ ራሱ ከነመዝጊያው ወደ ኋላ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ አሮጌ ካልተገኘ በቀር እምብዛም አያጋጥምም።

አሁን ገበያ ላይ ያሉት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጋዝ የሚሠራው ነው። አፈሙዙ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ባሩዱ ሲነድ ከሚወጣው ጋዝ ጥቂቱ በእነሱ በኩል ወርዶ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይልካል፣ ቀለሁ ይወረወራል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 እና የቤሬታ ኤ 400 የዚህ ወገን ናቸው። ግፊቱ ተከፋፍሎ ስለሚመጣ ትከሻ ብዙም አይመታም። ጉዳቱ ጥላሸት ነው፤ ጋዙ የነካው ሁሉ ይጠቁራል፣ ካልተጠረገ ፒስተኑ ይጣበቃል።

ሁለተኛው የቤኔሊ መንገድ ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከባዱ መዝጊያ ግን ለቅጽበት ባለበት ለመቆየት ይታገላል። በዚህ መካከል ውስጡ ያለ ጠንካራ ስፕሪንግ ይጨመቅና መልሶ ሲዘረጋ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ጋዝ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ንጹሕ ነው፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ጠመንጃው ወደ ኋላ ካልተገፋ አይሠራም። ቀላል ጥይት ከጎረሰ፣ ወይም ተኳሹ ሰደፉን ትከሻው ላይ በልኩ ካልደገፈ፣ ቀለሁ በግማሽ ተነክሶ ይቀራል። ትከሻም ከጋዙ ይልቅ ይመታል። የቤኔሊና የቤሬታ ደጋፊዎች እንደ ጊዮርጊስና ቡና ሲከራከሩ ማየት ያስቀኛል፤ ሁለቱም ዛሬ ያሉት በአንድ የጣሊያን ቡድን ሥር ነው።

በበጋ አቧራ፣ መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት አገር የትኛው? ዛሬ የጣሊያን፣ ነገ የሌላ አገር ጥይት፣ አንዱ 28 አንዱ 36 ግራም ሆኖ በእጅ የሚገባ ከሆነ በጋዝ የሚሠራው ሁሉንም ችሎ ይበላል፤ በየማታው ለማጽዳት ግን መድከም ግድ ነው። ጥይቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና ጠንከር ያለ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቤኔሊውን ቢይዝ አይቆጭም። የቱርክን ነገር ብዙ ሰው በኮንትሮባንድ ሲያዝ ከሚሰማው ሽጉጥ ጋር ያምታታዋል። በኮንያ አውራጃ ሁግሉ በምትባል ከተማ የሚሠሩት ሾትጋኖች ሌላ ነገር ናቸው፤ ብዙዎቹ ደህና ይሠራሉ፣ ጥራታቸው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ለማይተኩስ ሰው ባለ ሁለት አፈሙዙ የድሮ ጠመንጃ ይሻለዋል። ማንኛውንም የልኩን ጥይት ይተኩሳል፤ ሲከፈት መጉረሱና አለመጉረሱ ለሁሉም ሰው ይታያል። ከፊል አውቶማቲክ ግን አንዱን ተኩሶ ወዲያው ሌላውን ስላጎረሰ የተዘጋ መሣሪያ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ይሁን የጎረሰ አይለይም። ከባለ ሁለቱ በላይ የሚጨምራት ሦስተኛ ጥይትም ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሰማዩን ነው።

ትከሻውን በተመለከተ ይህችን ይሞክሩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጠው፣ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ይዘው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጉንጭዎ ላይ ያንሱትና ይግለጡ። ዓይንዎ በአፈሙዙ ጀርባ ልክ ቀጥ ብሎ ጫፉን ካየ ይስማማዎታል። መዝጊያውን ብቻ ካዩ ሰደፉ ዝቅ ብሏል፤ አፈሙዙን ሽቅብ እንደ መንገድ ካዩት ከፍ ብሏል። ሲያነሱት ብብትዎ ላይ ከተያዘ ረዝሟል። ብዙዎቹ አዳዲስ ጠመንጃዎች ሰደፉን ለማስተካከል ሽብልቅ አብሯቸው ይመጣል፤ ይቀበሉት እንጂ አይጣሉት። ግራኝ ከሆኑ ቀለሁ በየት በኩል እንደሚወጣ ይዩ፤ በቀኝ የሚተፋው በፊትዎ በኩል ነው የሚያልፈው።

ኮልፌ የተኩስ ሰፈር ናት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ በፈጥኖ ደራሹ ካምፕ ነበር። ሆኖም በካምፕ የሚሰጠው የጠመንጃ ትምህርት፣ ትንፋሽ ይዞ፣ አነጣጥሮ፣ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ለወፍ አደን እንቅፋት ይሆናል። ተነስታ በምትበር ቆቅ ላይ አነጣጥሮ የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ከኋላዋ ይተኩሳል። ጠመንጃው ከወፏ ጋር እየሄደ፣ ቀድሟት፣ ሳይቆም መተኮስ አለበት። ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው ሾትጋን ሲገዛ ለጥይትም ለልምምድም ጨምሮ ቢይዝ ይሻለዋል።

አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠለቀው ማጥበቢያ ፍሬዎቹ ምን ያህል እንደሚበተኑ ይወስናል። በጣም የጠበበው በ36 ሜትር ላይ ከፍሬዎቹ 70 በመቶ ያህሉን በ76 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ያገባል፤ መካከለኛው 60 በመቶ። ከእግር ሥር ለሚነሳ ቆቅ ሰፋ ያለው፣ ራቅ ብሎ ለሚሮጥ ጅግራ መካከለኛው ይበቃል። ጠባቡን ለቅርብ የተጠቀመ ወፏን ቆራርጦ ይበትናታል፤ ለወጥም አትሆን።

የት አይተኮስም የሚለውን ግን በቀላሉ መመለስ ይቻላል፦ ገፈርሳ ግድብ ዳር አይተኮስም። ውሃው የከተማችን መጠጥ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚታየው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ሌላ ቦታ የለም። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በሚያልፉበት አካባቢም አይታሰብም፤ የ2.8 ሚሊ ሜትር ፍሬ ወደ ላይ ቢተኮስ 200 ሜትር አልፎ ሊወርድ ይችላል። ውሃ ዳር እርሳስ የሚዘራ ሰው ሌላም ጥፋት አለበት፤ ዳክዬዎች ጠጠር መስሏቸው ይውጡታል፣ ተመርዘው ይሞታሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን ከልክላለች፤ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የአፍሪካና የዩሮ-እስያ ተጓዥ የውሃ አዕዋፍ ስምምነት በረግረግ ቦታ እርሳስ እንዲቀር ይጠይቃል። በእርሳሱ ፋንታ የብረት ፍሬ አለ፤ ግን ብረት ስለማይለዝብ አሮጌ አፈሙዝና ጠባብ ማጥበቢያ ያበላሻል። ጠመንጃው ለብረት ፍሬ የተፈተነ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አፈሙዙ ላይ አለ ወይ ብሎ ማየት ያኔ ነው የሚጠቅመው።

ለመብል የሚያድን ሰው ቢላውን አይርሳ፤ የወፏ ነፍስ ሳትወጣ መድረስና በሃይማኖቱ ሥርዓት ማረድ አለበት። ሁለተኛውን ጥይት ሳይተኩስ ጠመንጃውን ደኅና አድርጎ መሮጥ እዚህ ላይ ችሎታ ይጠይቃል፤ ከፊል አውቶማቲክ በእጁ ያለ ሰው እሮጣለሁ ሲል የጎረሰ መሣሪያ ይዞ ነውና። መጠበቂያውን ይቆልፍ፤ ጓደኛ ካለው ለጓደኛው ይተውለት። ቆቋ ከተነጨች በኋላ ሥጋውን በጣት እየዳሰሱ ፍሬዎቹን ማውጣት የባለ ወጡ ሥራ ነው፤ አንዷ ካመለጠች ጥርስ ትሰብራለች።